ባለርስቱ ሹምና የአራሹ ዋስትና
ከበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሕይወት ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚጠቅም ትምህርት

መግቢያ

በዚህ ተከታታይ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ አረምና ስለ ተባይ ነው። የዛሬው ግን ስለ ሰው ነው። ይኸውም በአንድ እጁ መሬት፣ በሌላ እጁ ሥልጣን ይዞ የኖረ ሰው በእርሻ ላይ ምን ሊሠራ እንደሚችልና ምን ሊሠራ እንደማይችል ለማሳየት ነው። የተመረጡት ሰው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ለማነጻጸሪያም በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር የኖረ አንድ ባለርስትና ሚኒስትር ቀርቧል።

ነገሩ የሩቅ ታሪክ ቢመስልም በሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ ባለችው በቡሹሎም ሆነ በአካባቢዋ ለሚሠራ የልማት ሠራተኛ ቅርብ ነው። የልማት ሠራተኛው ምክሩን ይዞ ማሳ ሲደርስ ገበሬው በልቡ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የዛሬ ሦስት ዓመት ይህን መሬት የማርሰው እኔ ነኝ ወይ?» የሚል ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

(የአገራችን ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የእንግሊዝ አገር ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ከሰያ ደብር እስከ ሩሲያ

ተክለ ሐዋርያት በሰኔ ወር 1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ ሰያ ደብር በተባለው አገር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ሐረር ወርደው ከራስ መኰንን ቤት ገቡ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ጦርነት ሲደረግ የራስ መኰንንን ሠራዊት ተከትለው ዘምተው ነበር፤ ዕድሜያቸው ገና 12 ዓመት አልሞላም። ከጦርነቱ በኋላ ሌዎንቲየፍ ከተባለው ሩሲያዊ ጋር ወደ ሩሲያ ተላኩ። እዚያም በአንድ የመኰንን ቤተሰብ ቤት አደጉ፤ ኋላም በፒተርስቡርግ ከተማ ከሚገኘው የመድፈኛ ጦር ትምህርት ቤት ገብተው የመኰንንነት ትምህርት ጨረሱ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ የዘመናቸው አስተዳደር ከውጭ ካዩት ጋር የማይገናኝ ሆኖ አገኙት። ያን ጊዜ ከውጭ ተምረው ከተመለሱት ጥቂት ሰዎች ጋር ሆነው የመንግሥቱ ሥራ መለወጥ አለበት ብለው ይከራከሩ ጀመር። «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለው ድርሰታቸው የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ነው ይባላል። በእንስሳት አፍ የተነገረው ትችት ቤተ መንግሥቱን ስላላስደሰተ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል።

ከድርሰቱ ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ የሚፈለገው ግን የአስተዳደር ሥራቸው ነው። በ1910ሮቹ በመጀመሪያ በጅጅጋ፣ ቀጥሎም በጨርጨር አገረ ገዢ ሆኑ። የጅጅጋ ከተማ መንገዶች በቀጥታ እየተቆራረጡ እንዲተከሉ ያስደረጉ እርሳቸው ናቸው። በጨርጨርም አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ የአስተዳደር ከተማ አድርገው ቆረቈሩ።

ጨርጨርና የገባሩ ኑሮ

ጨርጨር ደጋና ወይና ደጋው ቡና የሚያበቅል አገር ነው። የጅቡቲ ምድር ባቡር በቆላው በኩል ያልፋል፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል። ስለዚህ ገበያው ከማሳው ብዙ የራቀ አልነበረም። ነገር ግን ገበያ መቅረቡ ብቻውን ገበሬውን አልጠቀመውም። ምክንያቱ የገባር ሥርዓት ነው።

የገባር ሥርዓት ምን እንደነበረ ለወጣት የልማት ሠራተኞች ማስረዳት ያስፈልጋል። መንግሥት ለወታደሩና ለሹሙ ደመወዝ የሚከፍልበት ገንዘብ ስላልነበረው በደመወዝ ምትክ ገባር ይመራለት ነበር። ገባሩ እህል ይሰጣል፤ ማር ይሰጣል፤ የሹሙን እርሻ ያርሳል፤ አጥር ያጥራል፤ ዱቄት ይፈጫል፤ እንጨት ይለቅማል፤ ሹሙ ሲዘምትም ስንቅ ይሸከማል። በዚህ ላይ ከምርቱ አሥራት ይወጣበታል። ከሁሉ የከፋው ግዴታው በቁጥር ያልተወሰነ መሆኑ ነው። ገባሩ በመስከረም ወር ቆሞ እስከ ሰኔ ስንት ቀን ለራሱ፣ ስንት ቀን ለሌላ እንደሚሠራ አያውቅም። ብዙ ያመረተ ብዙ ይወሰድበታል። እንዲህ ባለ ኑሮ ላይ ያለ ገበሬ መሬቱን ለማዳበር፣ ቡና ተክሎ ፍሬውን ለመጠበቅ ምን ያነሣሣዋል?

የዘመኑ ለውጥ ፈላጊዎች ይህን ስለተረዱ ጨርጨርን እንደ መሞከሪያ ስፍራ ይመለከቱት ነበር። ሐሳባቸው የገባሩ ግዴታ ተወስኖ እንዲታወቅ፣ ሹሙና ወታደሩም ከገባሩ ጉልበት ይልቅ በደመወዝ እንዲኖሩ ነው። ከተክለ ሐዋርያት በኋላ ጨርጨርን ያስተዳደሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም በዚሁ መንገድ ሠርተዋል። ይህ ትልቅ ሐሳብ ነበር። ሆኖም ሐሳቡ የተመሠረተው በሹሙ ቅንነት ላይ እንጂ በገበሬው መብት ላይ አልነበረም። ቅን ሹም ሲነሣ፣ ሌላው ሲተካ፣ ገበሬው በእጁ የሚይዘው ማስረጃ የለውም።

ሕገ መንግሥቱና የገበሬው ቦታ

ተክለ ሐዋርያት ከዚያ በኋላ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ በጅሮንድ የሚለው ማዕረግ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው። አብነት ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። በታወጀበት ቀንም ለመኳንንቱ ትርጉሙን በንግግር ያስረዱት ራሳቸው ነበሩ።

ሕገ መንግሥቱ ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንትና ከሹማምንት መካከል ይሾማሉ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጣሉ። ስለሆነም መሬቱን የሚያርሰው ሰው በመሬት ጉዳይ ላይ ሕግ ሲወጣ የሚናገርለት ተወካይ አላገኘም።

ተክለ ሐዋርያት ቀጥሎ በአውሮፓ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኑ። ኢጣልያ ለወረራ በምትዘጋጅበት ጊዜ በዤኔቭ ከዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው ተከራከሩ። በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ፍጻሜው ሲደርስ የንጉሠ ነገሥቱን ወደ ውጭ አገር መሄድ አልደገፉም። እርሳቸውም ወደ ጅቡቲ ተሻገሩ፤ ኋላም በማዳጋስካር ደሴት ብዙ ዓመት በስደት ኖሩ። ከነጻነት በኋላም ወደ አገራቸው ቶሎ አልተመለሱም። ሲመለሱም የመረጡት ከተማውንና ሹመቱን ሳይሆን በጨርጨር፣ ሒርና የሚገኘውን እርሻቸውን ነው። የሕይወት ታሪካቸውን በእጃቸው ጽፈው ትተዋል፤ መጽሐፉ በ1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል።

በእንግሊዝ አገር የነበረ አንድ ባለርስት

ሚኒስትር የነበረ ሰው ፖለቲካውን ትቶ ወደ እርሻው ሲመለስ ተክለ ሐዋርያት የመጀመሪያው አይደሉም። ከእርሳቸው 200 ዓመት ያህል ቀድሞ ቻርልስ ታውንሼንድ የተባለ እንግሊዛዊ ይህንኑ አድርጓል። ታውንሼንድ እ.ኤ.አ. በ1674 ተወለደ። በኖርፎክ አውራጃ፣ ሬይናም በተባለው ስፍራ ሰፊ ርስት ነበረው። በሆላንድ አገር የመንግሥቱ መልእክተኛ ሆኖ ሠርቷል፤ ሁለት ጊዜም ከፍተኛ ሚኒስትር ሆኗል። በ1730 ከሚስቱ ወንድም፣ ከታወቀው የመንግሥት መሪ ከሮበርት ዋልፖል ጋር ተጣልቶ ሥራውን ለቀቀ። እስከ ሞተበት እስከ 1738 ድረስም በርስቱ ላይ እርሻ ሲያሻሽል ኖረ።

ታውንሼንድ የሚታወቀው ተርኒፕ በተባለው ተክል ነው። ይህ ተክል እንደ ቀይ ሥር ከመሬት በታች ሥሩ የሚያብጥ ሲሆን ለከብትና ለበግ መኖ ይሆናል። ሰዎች በዚህ ምክንያት የተርኒፑ ታውንሼንድ ብለው ይጠሩታል። ብዙ መጻሕፍት ተክሉን ወደ እንግሊዝ ያስገባው እርሱ እንደሆነ ይናገራሉ፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም። የኖርፎክ ገበሬዎች እርሱ ሥራ ሳይጀምር በፊት ተርኒፕን ለከብት ይዘሩ ነበር፤ ዘዴውም ከፍላንደርስና ከሆላንድ ገበሬዎች የተገኘ ነው። የታውንሼንድ ድርሻ የታወቀ ሰው ሆኖ ዘዴውን በራሱ መሬት ላይ በስፋት መሥራቱና ስለ እርሱም ሳይሰለች ማውራቱ ነው።

ዘዴው የሰብል ማፈራረቅ ነው። በአንድ ማሳ ላይ በመጀመሪያው ዓመት ስንዴ፣ በሁለተኛው ተርኒፕ፣ በሦስተኛው ገብስ፣ በአራተኛው ማገጥ ይዘራል፤ ከዚያ ወደ ስንዴ ይመለሳል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ከዚያ በፊት መሬት ኃይሉን እንዲመልስ ጦም ያድር ነበር። በአዲሱ ዘዴ ግን ጦም የሚያድር መሬት የለም። ተርኒፑ ሲኰተኰት አረም ይጠፋል፤ ክረምቱን ከብቱን ይመግባል፤ የከብቱ ፍግ ወደ ማሳው ይመለሳል። ማገጡ በሥሩ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት የአየሩን ናይትሮጅን ለመሬቱ ይሰጣል። ያን ጊዜ የናይትሮጅንን ነገር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ገበሬው ግን ከማገጥ ቀጥሎ የተዘራ ስንዴ እንደሚያምር በዓይኑ ያይ ነበር።

ዘዴው ለምን ሥር ሰደደ?

እዚህ ላይ የልማት ሠራተኛው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የአራት ዓመት ፈረቃ ለአራት ዓመት በመሬቱ ላይ እንደሚቆይ ለሚያውቅ ገበሬ ብቻ ነው የሚጠቅመው። ማገጥ የሚዘራ ሰው ጥቅሙን የሚያገኘው ከርሞ ስንዴው ሲደርስ ነው። በኖርፎክ ትላልቅ ርስቶች በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጭሰኞች ረጅም የኪራይ ውል እየያዙ፣ ብዙ ጊዜም እስከ 21 ዓመት የሚደርስ ውል እየተዋዋሉ ይሠሩ ነበር። ኪራዩ በገንዘብ ተወስኖ ይታወቃል። ጭሰኛው ብዙ ቢያመርት ትርፉ የእርሱ ነው። ዘዴውን ያስፋፋው የታውንሼንድ ስም ብቻ ሳይሆን ይህ ውል ጭምር ነው።

የጨርጨርን ገባር ከኖርፎኩ ጭሰኛ ጋር ብናስተያይ ልዩነቱ በትጋት ወይም በዕውቀት አይደለም። የሐረርጌ ገበሬ እርከን መሥራትና ቡናን፣ ማሽላንና ሌላውን ሰብል አሰባጥሮ ማልማት ከማንም ተምሮ አይደለም የሚሠራው። ልዩነቱ አንዱ የሚከፍለውንና የሚቆይበትን ዘመን ያውቃል፤ ሌላው አያውቅም።

ነገር ግን የእንግሊዙን ታሪክ በአንድ ወገን ብቻ ማየት ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1711 በወጣው ሕግ ከአውራጃ ተመርጦ ምክር ቤት የሚገባ ሰው በዓመት 600 ፓውንድ ከመሬት የሚያገኝ መሆን ነበረበት። እንዲህ ያለው ምክር ቤት የጋራ ግጦሽና የጋራ መሬት እየታጠረ ወደ ግል እንዲዞር ሕግ አወጣ። ከ1604 እስከ 1914 ድረስ የወጡት የእጥር ሕጎች ከ5,200 በላይ ናቸው፤ የነኩትም መሬት ከእንግሊዝ ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ትልቁ ባለርስትና ትልቁ ተከራይ በለጸጉ፤ አንዲት ላም በጋራ ግጦሽ ላይ ያሰማራ የነበረው ድኻ ግን ላሟንም ግጦሹንም አጣ። ምርት መጨመሩና ድኻው መፈናቀሉ አብረው የሄዱ ነገሮች ናቸው።

በአገራችንም የታየው ከዚህ የራቀ አይደለም

ከነጻነት በኋላ የመሬት ግብር በጋሻ ተወስኖ እንዲከፈል ተደረገ፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። በ1936ና በ1937 ዓ.ም. መካከል በወጣው አዋጅ ለም መሬት አሥራቱን ጨምሮ በጋሻ 50 ብር፣ ለም ጠፍ 40 ብር፣ ጠፍ 15 ብር እንዲከፍል ተወሰነ። ይህ በሕጉ ባለርስቱን የሚመለከት ነው። ባለርስቱ ግን ብዙ ጊዜ ሸክሙን ወደ ጭሰኛው ያዞረው ነበር። ጭሰኛው እንደ አገሩ ልማድ ሲሶ ወይም እኩል እያካፈለ ያርሳል፤ ውሉ በቃል ነው፤ ባለርስቱ ባሻው ጊዜ ያስለቅቀዋል።

ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቁሞ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲያሠራጭ ይህ ችግር ፍጥጥ ብሎ ወጣ። ምርቱ ጨመረ፤ የመሬቱም ዋጋ ጨመረ። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ባለርስቶች ትራክተር ገዝተው ጭሰኞቻቸውን አስለቀቁ። ማለት የልማት ሠራተኛው ያመጣው ማዳበሪያ ሊጠቅመው የታሰበውን ገበሬ ከመሬቱ ነቀለው። ለጭሰኛው ዋስትና የሚሰጥ የሕግ ረቂቅ ለምክር ቤት ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን ከአባላቱ ብዙዎቹ ራሳቸው መሬት ያላቸው ስለነበሩ ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ወጣ። ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። ያን ጊዜ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የ90 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። በልጅነታቸው ገባር ሲገብር ያዩ፣ በጎልማሳነታቸው በጨርጨር ሥርዓቱን ለማሻሻል የሞከሩ፣ በመጨረሻም የባለርስትነትን ፍጻሜ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው።

ዛሬስ?

በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለው። ከ1990ዎቹ ወዲህም በብዙ ክልሎች መሬቱ ተመዝግቦ ለባለይዞታው ደብተር ተሰጥቷል። ባለርስት የሚባለው ቀርቷል። የዋስትና ጥያቄ ግን አልቀረም። የኪራይና የእኩል ውል አለ፤ ይዞታው ጠባብ ነው፤ እንደ ቡሹሎ ባለ ከተማና ገጠር በሚገናኙበት ስፍራ ደግሞ ከተማው በሰፋ ቁጥር ገበሬው ስለ ነገ ይጨነቃል። የተጨነቀ ገበሬ ደግሞ ለዘንድሮ ብቻ ያርሳል።

ስለሆነም የልማት ሠራተኞችና ማኅበራት የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ እንመክራለን።

1ኛ/ ከምክር በፊት ይዞታውን ጠይቁ። ማሳው የገበሬው ነው? የኪራይ ነው? የእኩል ነው? ለአንድ ወቅት ብቻ መሬት ለተከራየ ሰው እርከን ሥራ፣ ብስባሽ አልብስ፣ ዛፍ ትከል ቢሉት አይሰማም፤ እውነት አለው።

2ኛ/ ውል በጽሑፍ ይሁን። ማኅበሩ ለአባላቱ ሕጉ በሚፈቅደው መሠረት ቢያንስ አንድ የሰብል ፈረቃ የሚያስጨርስ ውል እንዲዋዋሉ ይርዳ፤ ውሉም በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይመዝገብ። ተከራዩ ፍግ ካፈሰሰ ወይም እርከን ከሠራ ድካሙ እንዴት እንደሚታሰብለት በውሉ ይጻፍ።

3ኛ/ የደብተሩን ነገር አትርሱ። የባልም የሚስትም ስም መግባቱን፣ የማሳው ወሰን በትክክል መጻፉን፣ ውርስና ክፍፍል ሲኖር መታደሱን ገበሬው እንዲያረጋግጥ አሳስቡ። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ ካሣ የሚታሰበው በማስረጃ ነው።

4ኛ/ በቆሎን ከጥራጥሬ ጋር አፈራርቁ። በአካባቢያችን የታውንሼንድን ማገጥ ሊተካ የሚችለው ቦሎቄ ነው። በመስመር መካከል 40 ሳንቲሜትር፣ በተክል መካከል 10 ሳንቲሜትር አድርጎ መዝራት ይቻላል። በቆሎው ወደ መድረቁ ሲቃረብ በመካከሉ ቦሎቄ መዝራትም ጠባብ መሬት ላለው ይረዳል። ነገር ግን ቦሎቄ የአየሩን ናይትሮጅን በመያዝ ከባቄላ ያነሰ ስለሆነ ማዳበሪያን ፈጽሞ ይተካል ተብሎ አይነገር። አበባ ሲያወጣ ጥቂት ተክል ሳይጎተት በመቆፈሪያ ይውጣ፤ በሥሩ ላይ ያሉት ትናንሽ እባጮች ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ቀላ ካለ እየሠሩ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠሩም። ገለባው ለከብት ከተሰጠ ፍጉ ወደ ማሳው ይመለስ።

5ኛ/ ማሳያው በድኻው ማሳም ላይ ይሁን። ሰፊ መሬትና በሬ ያለው ገበሬ ማሳ ላይ የተሳካ ነገር ግማሽ ጥማድ ላለው ሰው ይሳካል ማለት አይደለም። በመዝገብም ምርቱን ብቻ ሳይሆን ወጪውንና ከምርቱ ማን ስንት እንደወሰደ ጻፉ።

ማጠቃለያ

ታውንሼንድም ተክለ ሐዋርያትም በዘመናቸው ከብዙዎች ይልቅ አርቀው ያዩ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም ከከፍተኛ ሥልጣን ወደ አፈሩ ተመልሰዋል። የአንዱ ዘዴ ከርስቱ አልፎ በአገሩ ሲስፋፋ የሌላው ጥረት ከሹመቱ ዘመን ብዙም ያልዘለለው ሐሳቡ ስላነሰ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው አራሽ ነገውን የሚያውቅበት ዋስትና ስላልነበረው ነው። የእንግሊዙም ዋስትና ቢሆን ውል ለያዘው እንጂ ለድኻው ሁሉ አልተረፈም። የልማት ሠራተኛ ሥልጣንም ርስትም የለውም። ሆኖም ከምርጥ ዘሩ ጋር ገበሬው መብቱን እንዲያውቅ፣ ውሉን እንዲያጽፍ፣ ደብተሩን እንዲጠብቅ ቢያደርግ ምክሩ እርሱ ወደ ሌላ ጣቢያ ከተዛወረ በኋላም በማሳው ላይ ይቆያል።